ባዶው ቅንፍ

አኬዮ በሩን ከፍታ ስትገባ የኦጉቱ ጣት የኮምፒውተሩ ማጥፊያ ቁልፍ ላይ ነበር። ኮሌጅ ሲዘጋ በሐይቁ ዳር ወዳለው መንደሯ ተመልሳ እናቷን ዓሣ በመመዘን የምታግዝ ልጅ ናት፤ ወደ ኮሚቴው ቢሮ የመጣችውም የሚዛኑን ቁልፍ ፍለጋ ነው። የጀልበኞቹ ኮሚቴ ጸሐፊ ኦጉቱ ግንባራቸውን አልቧቸው ስታይ ቆመች።

«ጃዱኦንግ፣ አሞዎታል እንዴ?» አለች፤ ለሽማግሌ የሚሰጥ የአክብሮት መጠሪያ ነው።

«ቀይ ጻፈብኝ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ። «ሁሉንም አጥፍቼ እንደገና ልጽፈው ነው።»

«ቀዩን አነበቡት?»

«ቀይ ይነበባል እንዴ? በእኛ ጊዜ ደብተር ላይ ቀይ ከታየ የሚከተለው አርጩሜ ነው። እስከ ዛሬ ሳየው እጄ ይሸሻል።»

ሽማግሌውን ያስፈራቸው ግን አርጩሜ ብቻ አልነበረም። ነፋስ ሲመጣ በዳርቻው ባንዲራ መስቀል የቀረው በእርሳቸው ምክር ነው። በእሱ ፋንታ ፓይተን በሚባለው የኮምፒውተር ቋንቋ የጻፉት ፕሮግራም ለሠላሳ ሰባት የጀልባ አለቆች መልእክት ይልክ ነበር። «መልእክት ካልደረሳችሁ ሐይቁ ሰላም ነው» ብለው ያስተማሩትም ራሳቸው ናቸው። በዚህ ሳምንት ሊያሻሽሉት ሲጀምሩ ቀይ የስሕተት ጽሑፍ መጣ፤ እንደ ልማዳቸው አጠፉ፤ ደህና ይሠራ የነበረውም አብሮ ጠፋ። አሁን አሥራ አንድ ሰዓት አልፏል። ከበስተ ደቡብ ሰማዩ ጠቁሯል። ኦሜና የምትባለውን ትንሿን ዓሣ በሌሊት የሚያጠምዱት ሊወጡ አንድ ሰዓት አልቀራቸውም።

«ይደውሉላቸዋ» አለች አኬዮ።

«ግማሾቹ ሞተር እየሞከሩ ነው፤ አይሰሙም። ኦሞሎን አራት ጊዜ ደወልኩለት።» ኦሞሎ ልጃቸው ነው፤ እሱም የጀልባ አለቃ ነው።

አኬዮ ወንበር ሳበች። «እባክዎ ጣትዎን ያንሱና የመጨረሻውን መስመር ብቻ ያንብቡልኝ።»

«‹አስጠንቅቅ ምንም አይቀበልም፤ አንድ ግን ተሰጥቶታል› ይላል። ውሸታም ነው። ይኸው ከ‹አስጠንቅቅ› ቀጥሎ ያለው ቅንፍ፣ ባዶ ነው። ምን ሰጠሁት?»

«ጀልባዋን ሰጥተውታል። ‹የኦሞሎ ጀልባ፣ አስጠንቅቅ› ብለው ሲያዙ ፓይተን የኦሞሎን ጀልባ ራሷን ይዞ ወደ ትእዛዙ ይገባል። እርስዎ ግን ትእዛዙን ሲጽፉ መቀበያ አላበጁላትም። በር ላይ ቆማ ቀረች።»

ቆርቆሮው ጣሪያ በነፋሱ አንዴ ተንኳኳ። ሁለቱም ቀና ብለው አዩ።

«ከመማሪያ መጽሐፌ የገለበጥኩት የላይኛው ክፍል ላይ ‹ሴልፍ› የሚል ቃል ነበረ» አሉ ኦጉቱ። «የእንግሊዞች ጌጥ መስሎኝ እዚህኛው ላይ ተውኩት።»

«ጌጥ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ‹አን› እንደምንለው ነው፤ እኔ ማለት ነው። ‹ስልክ› ብቻ ብለው ከጻፉ የማን ስልክ? ‹የእኔ ስልክ› ስትል ግን እያንዳንዷ ጀልባ የራሷን ታወጣለች።»

«እንዲህ ብሎ የነገረኝ የለም» አሉና ባዶው ቅንፍ ውስጥ «አን» ብለው ጻፉ፤ ከ«ስልክ» በፊትም እንዲሁ።

«እሱም ይሠራል» አለች አኬዮ ፈገግ ብላ። «ነገ ግን ‹ሴልፍ› ያድርጉት፤ ሌላ ሰው ሲያነብ የጀልባ ስም እንዳይመስለው።»

የማስኬጃውን ቁልፍ ሲጫኑ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቀይ አልመጣም። ሠላሳ ሰባት መስመር በጥቁር ወረደ። አንድ በአንድ «ደርሶኛል» የሚል መልስ ወደ ስልካቸው መግባት ጀመረ፤ ሠላሳ፣ ሠላሳ አራት፣ ሠላሳ ስድስት። ነፋሱ የሚዛኑን ሰሐን አንሥቶ ግቢው ውስጥ ሲያንከባልለው ሰሙ። ኦጉቱ ስልኩን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ።

የመጨረሻው መልስ ዘግይቶ ገባ። «ገመድ ፈትቼ ነበር፤ መልሼ አሰርኩ። ኦሞሎ።»

ሽማግሌው ተቀመጡ። «ባጠፋው ኖሮ» አሉ፤ አልጨረሱትም።

ከዚያ ቀን ወዲህ ኦጉቱ የሚሠራውን ቅጂ ሳያስቀምጡ አዲስ አይነኩም። ቀይ ሲመጣም አያጠፉም፤ የመጨረሻውን መስመር በደብተራቸው ይገለብጣሉ፤ ምን ተሰጠ፣ ምን ተቀባይ አጣ ብለው ይጠይቃሉ። ድሮ ሦስት ቀን ይፈጅባቸው የነበረው ስሕተት አሁን በሩብ ሰዓት ይገኛል። ባንዲራውንም መልሰው ሰቅለውታል፤ ማሽኑም ሰውም ቢሳሳት ጀልበኛው የሚያየው ነገር እንዲኖር። የሚገለብጡት ግን አሁንም በቀይ እስክሪብቶ ነው፤ እጃቸው እንዲለምደው።