ስም ብቻ የሚሞላበት ደብዳቤ

ከኮሌጅ በጡረታ ከተሰናበቱ ስድስት ዓመት የሞላቸው የፊዚክስ መምህር አንድ ቀን ጠዋት ከፎቶ ኮፒ ቤት ደጃፍ ሲደርሱ፣ አንዲት ወጣት እስከ አገጯ ድረስ ወረቀት ታቅፋ ወረፋ ትጠብቅ ነበር። መምህሩ መነጽራቸውን ይረሳሉ እንጂ የተማሪያቸውን ፊት አይረሱም። ጠጋ ብለው አዩዋትና ፊታቸው በራ።

«እሜቴ ለምን! አንቺ አይደለሽም እንዴ?»

ጥያቄ ስለምታበዛ እሳቸው ራሳቸው ያወጡላት ስም ነው። ዛሬ የውሃ ምርመራ ላቦራቶሪ ባለሙያ ሆናለች።

«እኔው ነኝ ጋሼ» አለች ዝቅ ብላ እጅ እየነሳች። «እንደምን ከረሙ? እግዜር ነው ያገናኘን፤ ከሰዓት ቤትዎ ልመጣ ነበር።»

«ይሄ ሁሉ ወረቀት ምንድን ነው? ፈተና ሰርቀሽ ነው?»

«የድሮ ፈተና ነው። ቅዳሜ የሁለተኛ ዲግሪ መግቢያ እፈተናለሁ። ሰዓት ይዤ እለማመድበታለሁ።»

«ፈተና ደግሞ ልምምድ አለው? በእኛ ጊዜ ፈተና እንደ ዝናብ ነበር፤ ሲመጣ ትበሰብሻለሽ፣ አለቀ።»

«ዘጠና ጥያቄ በሁለት ሰዓት ነው ጋሼ። መጀመሪያ የሞከርኩ ቀን ሃምሳኛው ላይ ጊዜው አለቀብኝ። እውቀት አልጎደለኝም፤ የከበደኝን ዘልዬ ማለፍ አለመልመዴ ነው እንጂ። አሁን ጨርሼ ለማረም አሥር ደቂቃ ይተርፈኛል።»

መምህሩ «እምም» አሉ። ሲሸነፉ የሚሉት እንዲሁ ነው።

ወጣቷ ተራዋን ስትለቅላቸው ከላስቲክ ማኅደር አንድ ወረቀት አውጥተው «ሃያ ኮፒ» አሉ። ወረቀቱ የድጋፍ ደብዳቤ ነበር። «……… ጠባየ መልካም፣ ትጉህና ታዛዥ ተማሪ እንደነበሩ አረጋግጣለሁ» ይላል፤ ከሥሩ ፊርማ አለ። በነጠብጣቡ ላይ የጠየቃቸውን ሰው ስም ይሞላሉ። ሠላሳ ዓመት ሲሠሩበት ኖረዋል፣ ይኮሩበትም ነበር።

«ምን ፈልገሽ ልትመጪ እንደነበር አላጣሁትም» አሉ ብዕራቸውን እያወጡ። «አንዱን ልሙላልሽ።»

ወጣቷ ፊቷ ጠቆረ። «ጋሼ፣ አምናም ይህንኑ ሰጥተውኛል። ፈተናውን በጥሩ ውጤት አልፌ ሳለ አልተቀበሉኝም። ምክንያቱን ልጠይቅ ብሄድ፣ ሦስት አመልካቾች የእርስዎን ደብዳቤ ይዘን ቀርበን ኖሯል። ከስማችን በቀር ቃል በቃል አንድ ነው። ‹ወይ መምህሩ አያውቋችሁም፣ ወይ ደብዳቤው ፎርጅድ ነው› አሉን። ዘንድሮ ማመልከቻው ነገ ይዘጋል። ካልገባሁ ደግሞ መሥሪያ ቤቴ የፈቀደልኝን የትምህርት ዕድል ለሌላ ሰው ይሰጣል።»

መምህሩ ደነገጡ፤ ግን መደንገጣቸውን ላለማሳየት ወደ በረንዳው አግዳሚ ወንበር ሄደው ተቀመጡ። እሷም ከጎናቸው ተቀመጠች።

«እኔ ሁላችሁንም በአንድ ዓይን ነው ያየሁት» አሉ። «አንዱን ከአንዱ አስበልጬ ብጽፍ ፍርድ ማጓደል ነው። ደግሞ ሰውን ማወደስ ማበላሸት ነው። ዝም አይነቅዝም ልጄ!»

«ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላልም እኮ። እኔ ውዳሴ አልለመንኩም ጋሼ፤ ያዩትን ይጻፉልኝ ነው የምለው። ፈተናው የሚነግራቸው ውጤቴን ነው። ምን ዓይነት ሰው እንደሆንኩ የሚነግራቸው ያስተማረኝ ሰው ነው። ለሁላችን አንድ ዓይነት ሲጽፉ፣ የሚያነበው ሰው አንዳችንንም እንደማያውቁን ይቆጥረዋል።»

«እኔ ነኝ የማላውቃችሁ?» ድምፃቸው ከፍ ከማለቱ የተነሳ ፎቶ ኮፒ አንሺው ብቅ ብሎ አያቸው። «መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን የተደፈነው መስኮት ትዝ ይልሻል? ከሥሩ እየበረደው የሚቀመጠው ልጅ መልሱን ለጎረቤቱ በሹክሹክታ ይነግርና ጎረቤቱ ይመሰገንበት ነበር። ከኋላ ያለችው ረጅሟ፣ ያልገባትን ‹ገብቶኛል› ብላ ቤቷ ሄዳ ታለቅስ ነበር፤ በነጋታው ግን ሠርታው ትመጣለች!»

በጣታቸው አየሩን እየጠቆሙ ከረድፍ ወደ ረድፍ ተሻገሩ። ያ የጠመኔ ብናኝ የማይለየው ክፍል፣ ያ ወንበር ሲጎተት የሚሰማው ጩኸት፣ ያ ሁሉ ወጣት ፊት መጣባቸው። ምን ያህል እንደናፈቃቸው ያወቁት ገና አሁን ነው።

«አንቺ ደግሞ! ኳስ በክር አንጠልጥለን እያወዛወዝን የመሬትን ስበት የለካን ቀን። ሁሉም ዘጠኝ ነጥብ ስምንት ብሎ ጻፈ፤ መጽሐፉ ላይ ያለው እሱ ነዋ! አንቺ ብቻ ዘጠኝ ነጥብ ሁለት ነው ያገኘሁት ብለሽ ድርቅ አልሽ። ቢሳቅብሽም አልሰረዝሽውም። ሁሉም ሲወጣ ቀርተሽ ፈለግሽና፣ ክሩን ስንለካ የኳሷን ግማሽ እንዳልቆጠርን ደረስሽበት። እንዲያ ለኩ ያልኳችሁ እኔ ነበርኩ። እራት ላይ ለባለቤቴ፣ ነፍሷን ይማርና፣ ‹ዛሬ አንዲት ሳይንቲስት አየሁ› አልኳት።»

ወጣቷ የታቀፈችውን ወረቀት አግዳሚው ላይ አስቀመጠችና ዞራ አየቻቸው።

«ለእትዬ ነገሯቸው» አለች ቀስ ብላ። «ለእኔ ያሉኝ ግን ‹ከጨረስሽ በሩን ዝጊው› ብቻ ነው። ይኸው አሥራ አንድ ዓመት፣ ያን ቀን ያስቸገርኩዎት ይመስለኝ ነበር።»

እውነቱን ለመናገር መምህሩን የረታቸው ክርክሩ አይደለም፤ ይህቺ የመጨረሻዋ ቃል ናት። ለፍርድ ብለው ዝም ያሉት ሁሉ ልጆቹ ዘንድ እንደ ቁጣ ደርሶ ኖሯል።

«ኮፒውን ተወው!» አሉ ወደ ውስጥ ለፎቶ ኮፒ አንሺው። «ባዶ ወረቀት ስጠኝ።»

ሁለት ገጽ ሙሉ ጻፉ፤ ክሩንም፣ ኳሷንም፣ ሳቁንም። እንደ ወጉ አሽገው መስጠት ሲገባቸው ጮክ ብለው አነበቡላት። መጨረሻው እንዲህ ይላል፦ «አምና በእኔ ስም የቀረበላችሁ አጭር ደብዳቤ ፎርጅድ አይደለም፤ የስንፍናዬ ሥራ ነው። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእርሷ አይደለም።»

«ይህቺን ያውጧት ጋሼ» አለች እንባዋን እየጠረገች። «ስምዎን ታጎድፋለች።»

«ትቆይ። ሠላሳ ዓመት የራሴን ስም ስጠብቅ የእናንተን ደብቄዋለሁ።»

ወጣቷ ተቀባይነት አገኘች። ፈተናውን በልምምዷ አለፈችው፤ በቃለ መጠይቁ ግን የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያ ክር ነበር። የመምህር ምስክርነት ጥቅሙ ይህ ነው፤ ቁጥር የማያሳየውን ሰው ያሳያል፣ ለፍቶ አዳሪውን ከታይታ ሰው ይለያል፣ ለማይናገረው ዓይናፋር ይናገርለታል። መምህሩም ዛሬ ደብዳቤ የሚጠይቃቸውን ሁሉ «በመጀመሪያ ተቀመጥ፣ ስለ አንተ የማስታውሰውን ልንገርህ» ይላሉ። ማመልከቻ ሳይኖራቸው ይህንን ለመስማት ብቻ የሚመጡም አሉ።