አግዳሚ ወንበራችንን ያስነቀለችው ሴትዮ

እናንተዬ፣ በእስራኤል አገር፣ በቤር ሼቫ ከተማ፣ ሽኩና ቫቭ በሚሉት በእኛው ሰፈር፣ ሰላም መባባል ያስከስስ ጀመር! ከሕንፃችን በር፣ ከዛፉ ሥር አንዲት አግዳሚ ወንበር ነበረችን። ጉልበታችን እምቢ ያለን አራት አሮጊቶች ጠዋት ጠዋት እዚያ ቁጭ ብለን እንጠያየቃለን። እንዴት አደርሽ፣ ልጆቹ እንዴት አደሩ፣ ወገብሽስ ተሻለሽ? ጥፋታችን ይኸው ነው። ትናንት ብወርድ አንድ ሠራተኛ የወንበሯን ብሎን ይፈታል። «ምነው ልጄ?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሳብታ፣ አያቴ፣ የሁለተኛ ፎቋ ሴትዮ ራዓሽ በዛብኝ ብላ ለሕንፃው ኮሚቴ አመልክታ ነው» አለኝ። ራዓሽ! የእኛ ሰላምታ ጫጫታ ተባለ! አምስት ዓመት ጎረቤት ስንሆን አንድ ቀን ቦኬር ቶቭ ብላን አታውቅም፣ የእኛ «እግዜር ይመስገን» ጆሮዋን አደነቆረው! በንዴት ሄጄ ወንበራችን ላይ ቁጭ አልኩ። ሰውየው ግን «ተነሺልኝ፣ ከሥራ ያባርሩኛል» ብሎ ሲለምነኝ አንጀቴ አልቻለም። ተነሣሁለት፤ ጭኗት ሄደ።

ደሜ እንደፈላ ደረጃውን ወጥቼ በሯን አንኳኳሁ። ስትከፍት፣ በዚያች በተሰባበረች ዕብራይስጤ፣ «እንዴት አደርሽ? ልጆችሽ ደኅና ናቸው? እናትሽስ?» አልኳት። «ምን ፈለግሽ?» አለች አፍጥጣ። «መቀመጫዬን ስላስነቀልሽብኝ አንቺ ዘንድ ልቀመጥ መጣሁ» አልኩና ገብቼ ቁጭ አልኩ። ሶፋዋ አራት ሰው ደኅና አድርጎ ይይዛል፤ ነገ ጠዋት ሦስቱን ጓደኞቼን ይዤ ነው የምሄድ።