ማግኔቱን የበላው

በ፲፱፻፷ ዓ.ም. አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የሰበታው ልብስ ሰፊ አቶ ውብአየሁ ሱቃቸውን ሲከፍቱ የጎረቤታቸውን ልጅ ተረፈችን በር ላይ አገኟት። አዲስ አበባ ፊዚክስ ከምትማርበት ዩኒቨርሲቲ ለዕረፍት መጥታ ነበር።

«እንደምን አደሩ ጋሽ ውብአየሁ? ቀጥቃጩ ኦቦ ዱቤ ዕቃቸውን አህያ ላይ ሲጭኑ አየሁ። ወዴት ነው?»

«ወደ ተጂም ይሂድ ወደ ሌላ አገር፣ ብቻ ከእኛ ይራቅ! የመርፌ መልቀሚያ ማግኔቴን እጀታ እንዲበይድበት ብሰጠው በዓይኑ በልቶ መለሰልኝ። ይኸንኑ ለዕድሩ ተናገርሁ። ከዚያ ወዲህ ማረሻ የሚሰጠው ጠፋ፤ ሚስቱንም ከምንጩ ከለከሏት።»

«ማግኔቱን እሳት ውስጥ ከተውት ነበር?»

«ታዲያ ብረት ያለ እሳት ይበየዳል?»

ተረፈች ከቦርሳዋ ትንሽ ማግኔት አወጣች፤ መርፌዎቹ ዘለው ተለጠፉበት። መርፌዎቹን አራግፋ ማግኔቱን በካውያው ፍም ውስጥ ቀበረችና እስኪቀላ አናፋችበት። ሲቀዘቅዝ አንዲት መርፌ እንኳ አላነሣም።

«እዚህ የኦቦ ዱቤ ዓይን የለም» አለች በትሕትና። «በማግኔት ውስጥ እጅግ ጥቃቅን ማግኔቶች ባንድ ፊት ተሰልፈዋል። ሙቀቱ ከልኩ ሲያልፍ ሰልፉ ይፈርሳል። እኛ የምንማርበት አንድ አረንጓዴ ክርስታል አለ፤ ግማሾቹ ወደ ላይ፣ ግማሾቹ ወደ ታች ስለተሰለፉ መርፌ አይስብም። ኤሌክትሪክ ሲነካው ግን ጥቂት ማግኔትነት ያሳያል። የእሱ ሰልፍ ደግሞ ከሰው ገላ ሙቀት ባነሰ ይፈርሳል፤ ሲበርድ ይመለሳል። ሁሉም የየራሱ ልክ አለው።»

«የእኔስ ማግኔት ይመለሳል?»

«በጠንካራ ማግኔት ቢታሽ ይመለሳል።»

«የዱቤስ ስም?»

ተረፈች አህያው ወደሚጫንበት ወገን በእጇ አመለከተች። አቶ ውብአየሁ ዕፍረት ፊታቸውን እያቃጠለው ወደ ዱቤ ቤት ገሠገሡ። ይቅርታ ሲጠይቁ የዱቤ ሚስት ገለቴ ፊቷን ሳትመልስ፣ «በጉባኤ የጣሉትን ቃል በጉባኤ ያንሡት» አለቻቸው።

በማግሥቱ በዕድርተኛው ፊት ቆመው፣ «እሳት ያጠፋውን በሰው ላይ አላከክሁ፤ በድያለሁ» አሉ።

«ማስረጃዎ ምንድን ነው?» አላቸው አንዱ።

ሐሰቱን በተናገሩ ጊዜ ማስረጃ የጠየቃቸው አልነበረም። አንገታቸውን ደፍተው የተረፈችን ማግኔት አሳዩ፤ እሷም ሌላ ማግኔት በፍም ፈትና ለሁሉም አስረዳች። ተጠራጣሪው አመነ። ዱቤ ጉዞውን ተወ፤ ገለቴ ወደ ምንጩ ወረደች፤ ገበሬውም ማረሻውን ተሸክሞ ተጂ ድረስ ከመንከራተት ዳነ። ሳይመረምሩ መፍረድ አገርን ባለሙያ እንደሚያሳጣ፣ መመርመር ግን ጎረቤትን ከጎረቤት እንደሚያስታርቅ ሰበታ ያን ጊዜ ተማረች።

እስከዚያ ቀን አባል ያልነበረውን ዱቤን ለዕድሩ ሲያስመዘግቡት አቶ ውብአየሁ፣ «እኔ ዋስ ልሁነው» አሉ።

«ዋስ አልሻም፣ ጋሼ» አለ ዱቤ። «እንደ ሰው ‹ግባ› ብባል ይበቃኝ ነበር።»