አድራሽ የሌለው ደብዳቤ

«ጎጆ ከተማ ላይ ብርዱ አጥንት ይገባል ይላሉ፤ እውነት ነው እንዴ ኦቦ ተሬፋ? እኔ እንኳ ሁለት ሹራብ ደርቤ ነው የወጣሁት። ልጆቹ እንዴት ናቸው? ትልቋ ወለደች ሲባል ሰማሁ… ኧረ እሰይ! ይደግላችሁ።»

አዴ ወርቅቱ ይህን ሲሉ ወደ ካቺሲ የምትሄደው ሚኒባስ ገና ከአምቦ መናኸሪያ እየወጣች ነበር። ማስክ ያላደረገ ሰው መኪና ላይ የማይሳፈርበት ያ ዓመት ነው፤ ረቡዕ ጠዋት። አዴ ወርቅቱ አምቦ ገበያ ዳር ሃያ ስድስት ዓመት ልብስ የሰፉ ሴት ናቸው። ካቺሲ የሚሄዱትም የእህታቸው ልጅ ልትዳር ስለሆነ የሙሽራ ቀሚሷን ልክ ለማስያዝ ነበር። አጠገባቸው የተቀመጡት ኦቦ ተሬፋ ከጤና ጣቢያ ካርድ ክፍል ጡረታ የወጡ፣ ሰው ሲያወራ ራሳቸውን በመነቅነቅ ብቻ የሚመልሱ ጨዋ ሰው ነበሩ።

ከፊታቸው ባለው ወንበር መስኮት ይዞ የተቀመጠው ሰው ግን የአዴ ወርቅቱን ድምፅ ሲሰማ ደነገጠ። ሚልኬሳ ይባላል። ሠላሳ አምስት ዓመቱ ነው። አምስት ፊልም ሠርቷል፤ አንዱን ያየ ሰው ሌላውን ሲያይ የማን እንደሆነ አይጠፋውም። ሰዎቹ ፊት ለፊት ቆመው ካሜራውን ትክ ብለው ያያሉ። በግራ አንድ ወንበር ካለ በቀኝም አንድ ወንበር አለ። የሁሉም ልብስ አንድ ቀለም ነው። የሚያለቅስ ሰው እንኳ ከሁለቱም ዓይኑ እኩል ያለቅሳል። የካቺሲ ወጣቶች የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ አምስቱን ፊልሞች እጅ አስወጥተው ሊያወዳድሩ አዳራሽ ይዘው ነበርና የክብር እንግዳቸው እሱ ነበር። ማስኩን እስከ ዓይኑ ሥር ስቦ፣ ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ ስለተቀመጠ ማንም አላወቀውም።

አዴ ወርቅቱ ግን ሲሳፈሩ ዓይናቸው ፊቱን አልፎ የሱሪው ኪስ ላይ ቆመ። ያንን ድርብ ስፌት የሰፉት ራሳቸው ናቸው። እንዳላወቀ ሰው ከኋላው ሄደው ቁጭ አሉ።

ነገሩን ያነሱት ሁለት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው። ናኦሚና አብዱልከሪም ካቺሲ የሚሄዱት ለዚሁ ውድድር ነበር፤ ጊንጪ ሳይደርሱ ክርክሩን ጀመሩት።

«አንደኛ ‹ቢጫው ሰልፍ› ነው» አለች ናኦሚ። «አርባ ሰው ቢጫ ካፖርት ለብሶ በማይከፈት መስኮት ፊት አንድ ሰዓት ከሃያ ይሰለፋል። መጨረሻ ላይ መስኮቱ ሲከፈት፣ ውስጥም ሌላ ሰልፍ አለ! ከዚህ በላይ ምን ትፈልጋለህ?»

«ሁለተኛ ይሁንልሽ» አለ አብዱልከሪም። «ሦስተኛ ‹ሐይቁ ላይ ስብሰባ›። ቃለ ጉባኤ የሚይዘው ሰውዬ ለብቻው ሌላ ጀልባ ላይ ተቀምጦ ምንም ሳይሰማ ሲጽፍ፣ እኔ በሳቅ ሞቻለሁ። አራተኛ ‹ጋሪ ቁጥር ሰባት›፣ አምስተኛ ባርኔጣ ያደረጉት በሬዎች። አንደኛው ግን ያለ ጥርጥር ‹ለጉደር የተላከ ደብዳቤ› ነው። ያ ድልድይ! ሁለት ደቂቃ ሙሉ ባዶ። ማንም አያልፍበትም። ከዚያ ደብዳቤው ማዶ ካለው በር ሥር ተገኘ። ያለ አድራሽ የደረሰ ደብዳቤ! ይሄንን ማን ያስባል?»

ሚልኬሳ በማስኩ ውስጥ ፈገግ አለ። ፈገግታው ብዙ አልቆየም።

«ሰሙልኝ ኦቦ ተሬፋ?» አሉ አዴ ወርቅቱ ከኋላው፣ ድምፃቸውን ሳያነሱም ሳይጥሉም። «እንዴት ደስ ይላሉ ልጆቹ። ተምረዋላ! እኔ ስለ ፊልም ምን አውቃለሁ… መርፌና ክር ነው የማውቀው። ብቻ ስለዚያ ስለ ፊልም ሠሪው ልጅ ሲወራ ጆሮዬ ይቆማል። ምን ያለ ልጅ መሰለዎት! ሁሉንም ብቻውን። ድርሰቱን ብቻውን፣ ቀረጻውን ብቻውን፣ ልብሱን ብቻውን… መጨረሻ ላይ ስም ሲወርድ አይተዋል? ‹አልባሳት› ይልና የእሱ ስም። አርባ ካፖርት! አንድ ጊዜ እንኳ ጣቱን መርፌ ሳይነካው። የእኔን ይዩት፣ ወንፊት መስሏል። የእሱን እጅ አንድ ቀን ባየው እንዴት ደስ ባለኝ… ለስላሳ ነው አሉ።»

ሚልኬሳ ጉልበቱ ላይ የነበሩትን እጆቹን ኪሱ ውስጥ ከተታቸው። ኪሱ ውስጥም የእሳቸው ስፌት ጠበቀው።

«ቢጫውን ደግሞ በሕልሜ ነው ያየሁት ብሏል አሉ፣ በሬዲዮ። ሰምተዋል? እኔ የስፌት መኪናዬን አቁሜ፣ ልብ አድርጌ ነው የሰማሁት። ምነው ቢሉ፣ እኔም ሱቅ አንድ ጣቃ ቢጫ ጨርቅ ነበር። አራት ዓመት ሙሉ የሚገዛው ያጣ። ለቀሚስ የማይሆን፣ ለመጋረጃ የማይሆን፣ ሰናፍጭ የመሰለ። አንድ ልጅ መጣና ‹አዴ፣ ጨርቅ የለኝም› ቢለኝ ውሰደው አልኩት። እንግዲህ ያ ልጅ ሌላ ነው፣ ሕልም ያየው ልጅ ሌላ… ለካ ሕልምም ሱቅ ድረስ ይመጣል! ጣቃውን ተሸክሞም ይሄዳል!»

ናኦሚ ዞር ብላ ሳቀች። ኦቦ ተሬፋ ራሳቸውን ነቀነቁ።

«ካሜራው የማይንቀሳቀሰውስ? ልጆቹ ፍልስፍና አለው ይላሉ። አለው እንጂ፣ ለምን አይኖረውም! የእኔ የስፌት መኪናም ፈላስፋ ነበር ለካ። አንድ የካሜራ ማቆሚያ የሌለው ልጅ ካሜራውን እሱ ላይ አስሮ አንድ ክረምት ሲቀርጽበት ከረመ። ብረቱ ከባድ ነው፤ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አይዞርም… ታዲያ ሰዎቹ ፊት ለፊት ከመቆም ሌላ ምን ምርጫ ነበራቸው? ‹መሃሉን እንዴት ነው የሚያገኙት አዴ?› ብሎ ሲጠይቀኝም ጨርቁን ሁለት አጥፌ አሳየሁት። ግራው ከቀኙ ገጠመ። ‹በቃ፣ ይሄ ነው መሃሉ› አልኩት። ፊቱ እንዴት እንደበራ! ያን ቀን የእኔ ልጅ በሆነ ብዬ ተመኝቻለሁ፣ ለምን እዋሻለሁ…»

ይህን ሚልኬሳ አልጠበቀም። ያን ክረምት እሱም አልረሳውም። ዝናቡ የሱቁን ቆርቆሮ ሲደበድበው፣ አዴ ወርቅቱ ካፖርት ሲሰፉ፣ እሱ ከጣቃው ሥር ተኝቶ ነገ ስለሚቀርጸው ሲያወራ፣ ምሳ ሲደርስ ባለቤታቸው ቆሎውን ከሁለት ሲያካፍለው። ዞሮ አንድ ቃል ሊተነፍስ ፈለገ። ግን ምን ብሎ? «አዴ፣ ምን አጠፋሁ?» ቢል «ኧረ ልጄ፣ አንተን ደግሞ ማን አነሳህ?» ነው መልሱ። መኪናው ሙሉ ሰውም ማንነቱን ያውቃል። ዝም ልበል ካለ ደግሞ ካቺሲ ገና ሩቅ ነው። ስለዚህ የተኛ ሰው መሰለ። ራሱን መስታወቱ ላይ አስደገፈ፤ መንገዱ ጉድባ በጉድባ ነበርና መስታወቱ ጭንቅላቱን ደጋግሞ አጋጨው፤ እሱ ግን የተኛ ሰው አይነቃም ብሎ ቻለው።

ጎጆን አለፉ። ጉም መንገዱን ሸፈነውና ሹፌሩ ፍጥነቱን ቀነሰ።

«እዩት፣ የደከመው ሰው እንዴት ይተኛል» አሉ አዴ ወርቅቱ። «ሕልም እያየ ይሆናል፣ ዝም እንበለው… እኔስ ኦቦ ተሬፋ፣ ደረጃ አውጪ ብባል? አምስተኛ ስብሰባው። የማይደማመጥ ስብሰባ ለማየት ወንጪ ሐይቅ ድረስ ምን አስኬደኝ፣ ዕድራችን አለልኝ። አራተኛ ሰልፉ። ካፖርቶቹ ያምራሉ፤ የሰፋቸው ማን እንደሆነ እንጃ እንጂ እጅጌያቸው ትንሽ ይረዝማል። ሦስተኛ ጋሪው። ሁለተኛ በሬዎቹ። ተዋናይ ማለት እነሱ! እኩል ቆመው፣ እኩል አመስኩተው… ያነከሰ የለ፣ የዘመመ የለ። እንደዚያ ያለ በሬ በስንት ይገኛል? አንደኛማ ልጁ እንዳለው ደብዳቤው ነው። ብቻ እኔ የምለው የመጀመሪያውን ነው። አምቦ ላይ አንድ ቀን ብቻ የታየውን፣ ሳይስተካከል በፊት የነበረውን።»

ተማሪዎቹ ክርክራቸውን ትተው ሙሉ በሙሉ ወደ ኋላ ዞሩ። ሚልኬሳ ዓይኑን ጨፍኖ ትንፋሹን ያዘ።

«እዚያኛው ላይ ድልድዩ ባዶ አልነበረም። ደብዳቤውን የሚያደርስ ሰው ነበረው። ባለቤቴ፣ ጂራዬ። መቼም ያውቁታል፣ ባህር ዛፍ ወድቆ እግሩን ሲሰብረው ካርዱን ያወጡለት እርስዎ አልነበሩ? ከዚያ ወዲህ ሲሄድ ወደ ግራ ዘንበል ይላል። ቢጫ ካፖርት ለብሶ፣ ደብዳቤውን ደረቱ ላይ ይዞ፣ ከወዲህ ወደ ማዶ ቀስ እያለ… ሁለት ደቂቃ። ሦስት ቀን ጓሮ ሲለማመድ ነበር። በደብዳቤው ፋንታ የድስት ክዳን ይዞ ነው የሚለማመደው፣ ደብዳቤው እንዳይታጠፍ ብሎ! በዓመቱ አረፈ። ፎቶ መነሳት አይወድም ነበር፤ የመታወቂያው ብቻ ነው የቀረኝ፣ እሱም ተቆጥቶ።

«ኋላ ፊልሙ ለውድድር ሊሄድ ተስተካክሎ መጣ ሲባል፣ የጸሎት ቤት እህቶቼን አሥራ አንዱን ሰብስቤ ፊት ወንበር ላይ ተደረደርን። ‹አሁን ይመጣል፣ አሁን ይመጣል› እላቸዋለሁ። ድልድዩ መጣ… ድልድዩ ቆየ… ደብዳቤው ደረሰ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ! እኔም አጨበጨብኩ፣ ምን ላድርግ ኦቦ ተሬፋ፣ ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ። ምነው ቢባል፣ ሚዛኑን አበላሽቶ ነው አሉ። ወደ ግራ እያዘነበለ። እውነታቸውን ነው፣ ያዘነብል ነበር! እኔም በየት በኩል ገብቼ እንደምደግፈው ያወቅሁት በዚያ አይደል?»

ኦቦ ተሬፋ ራሳቸውን መነቅነቅ አቆሙ። አብዱልከሪም ጉልበቱ ላይ የነበረውን የደረጃ ወረቀት አየና ቀስ ብሎ አጠፈው።

«እኔ ግን አልከፋኝም። ያን ያህል ጠንቃቃ ልጅ ነገር አይጥልም። የሆነ ሳጥን ውስጥ አስቀምጦታል። አይመስልዎትም? አንድ ቀን ‹አዴ፣ ይኸው› ብሎ ያመጣልኛል። ባያመጣውም ይሁን፣ አለ ማለት ለእኔ ይበቃኛል። ደብዳቤ የያዘ ሰው በመንገድ ላይ እያለ እንዴት ይጣላል…»

ሚልኬሳ ዓይኑን ገለጠ። የለም። ሳጥንም የለም። አንድ ቀን የበሬዎቹን ፊልም ሊቀርጽ ሜዳ ላይ ቆሞ ሳለ የካሜራው ካርድ ሞላ። በሬዎቹ ባርኔጣቸውን አድርገው፣ ግራና ቀኝ እኩል ቆመው፣ ፀሐይዋ ደግሞ ልትሄድ ነበር። ካርዱ ላይ ያለውን ሲያይ ድልድዩንና ያንን የዘመመ ሰውዬ አየ። ከፊልሙ አስቀድሞ ስላወጣው ሌላ ቅጂ አልነበረውም። ሁለት ደቂቃ ናት ብሎ አጠፋት። ክፋት አልነበረበትም፤ ስሙ እንኳ አልመጣለትም። ቆሎውን ከሁለት ሲያካፍለው የከረመውን ሰው ስም ነው ያኔ ያላስታወሰው። ጂራ በነበረበት ቦታ አሁን ሁለት በሬ ቆሞ ያመሰኳል። ይህን አዴ ወርቅቱ አያውቁም። አንድ ቀን ቢነግራቸው፣ የሚኖሩባትን ያችን «አለ» የምትለዋን ቃል ይወስድባቸዋል። ባይነግራቸው ደግሞ እስኪሞቱ ሳጥኑን ይጠብቃሉ።

«ወራጅ አለ!» ብሎ ጮኸ።

ሹፌሩ በድንጋጤ ፍሬን ያዘ። ቤት የለም፣ ሰው የለም፣ ጉም ብቻ ነው። «እዚህ? እዚህ ማን አለህ ወንድሜ?» አለው። በሬዲዮ ያንን ድምፅ ደጋግሞ የሰማው አብዱልከሪም አፉን ከፍቶ ቀረ። ናኦሚ እጇን ማስኳ ላይ ጫነች። ሚልኬሳ ቦርሳውን አንጠልጥሎ፣ የሰው ጉልበት እየረገጠ፣ የማንንም ፊት ሳያይ ወረደ።

የካቺሲ ወጣቶች ከሰዓት በኋላ የክብር እንግዳውን ወንበር መድረኩ መሃል ላይ አድርገው አንድ ሰዓት ጠበቁት። በመጨረሻ አንዱ ተነስቶ ባዶው ወንበር ራሱ የዳይሬክተሩ አዲስ ሥራ ነው ብሎ አስረዳና አዳራሹ ቆሞ አጨበጨበለት፤ በእጅ ብልጫም ስድስተኛ ፊልም ተብሎ ተመዘገበ። ደብዳቤው አንደኛ ወጣ። አብዱልከሪም እጁን አላወጣም።

ይህ ሁሉ ከመሆኑ በፊት ግን፣ ሚልኬሳ በወረደበት ሚኒባሷ ገና ሳትንቀሳቀስ፣ አዴ ወርቅቱ መስኮቱን ከፍተው አንገታቸውን አወጡ። ማስካቸውን ዝቅ አድርገው፣ እናት ልጇን ስትሸኝ እንደምትስቀው ሳቁለት።

«ወረድክ እንዴ የእኔ ልጅ? ማን እንደሆንክ እንኳ አላወቅሁህም፣ ይሄ ማስክ ሰው ያስመስላል። አንገትህን ሸፍን፣ ብርዱ እንዳይጎዳህ። ጌታ ይባርክህ። ዕድሜ ይስጥህ፣ ሽበት ይስጥህ። ወገብህ የጎበጠ፣ እግርህ የከዳህ ቀን… በየት በኩል እንደምታዘነብል የምታውቅ ሚስት ይስጥህ። ካለፍክም በኋላ ሁለት ደቂቃህን የሚያስቀምጥልህ፣ እንደዚያ እንደ ፊልም ሠሪው ያለ ጠንቃቃ ልጅ አትጣ። አሜን በል እንጂ፣ ልጄ!»