የሎሚት ድንበር

(መተሐራ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ፖሊስ ጣቢያ ደጅ፤ ሎሚት የተባለ የታሸገ ውሃ የምትሸጠው ትርንጎና ወንዝራድ የተባለውን የምትሸጠው ሲፈን ተደባድበው፣ አግዳሚ ወንበር ላይ እየደሙ ዋስ ይጠብቃሉ።)

ትርንጎ፦ እዚህ መናኸሪያ ውስጥ በእኔ እጅ ተመትቶ በእግሩ የሄደ የለም።

ሲፈን፦ ፖሊሱ ተሸክሞ ያመጣው አንቺን ነው። እኔ ጫማዬን በእጄ ይዤ በእግሬ መጣሁ።

ትርንጎ፦ ቁርጭምጭሚቴን ረግጠሽኝ ነዋ። ጥርስሽን ማን አወለቀው እሱን ንገሪኝ።

ሲፈን፦ በረዶ የሆነ ውሃ። ባዶ እጅሽን ብትመጪ ኖሮ ይሄን ጊዜ አፍሽን እየሰፉልሽ ነበር።

ትርንጎ፦ በረዶውም የኔ፣ እጁም የኔ። ሎሚት ፍሪጅ ውስጥ ካደረ እንደ ድንጋይ ነው የሚፈነክተው። የናንተ ወንዝራድ መቼ እንደዚያ ይጠጥራል?

ሲፈን፦ እጅሽን ወደዚያ አርጊ፤ ደሙ ጉልበቴ ላይ እየተንጠባጠበ ነው።

ትርንጎ፦ ነክሰሽኝ አይደል እንዴ። አውራ ጣቴ አፍሽ ውስጥ ቢቀር ምን ታደርጊው ነበር?

ሲፈን፦ እተፋዋለኋ።

ትርንጎ፦ ሳቂ፣ ሳቂ። አሁን አለቃዬ መጥተው ይፈርሙልኝና እወጣለሁ። አንቺ ነሽ አዳማ ሄደሽ የምትታሰሪው።

ሲፈን፦ ባይፈርሙልሽስ?

ትርንጎ፦ ለምን አይፈርሙም? ቤት ውስጥ እኔን የምትጠብቅ ትንሽ እህት እንዳለችኝ ያውቃሉ። እኔ ከታሰርኩ የሚያበላት የለም። ደግሞ የተደባደብኩት ለነሱ ብዬ ነው።

ሲፈን፦ ቅንጡው አውቶቡስ ላይ ውጪ ብለው ላኩሽ? የሎሚት ቦታ ቅጥቅጡና የጭነት መኪናው ጋ ነው።

ትርንጎ፦ እንደሱ ብለውኛል። ‘ቅንጡው ጋ እንዳትደርሺ’ ሲሉኝ ወንዝራዶችን የፈሩ መሰለኝ። ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጠብ አይወዱም። ስለዚህ እኔ ራሴ ቅንጡውን ልያዝላቸውና ይኩሩብኝ አልኩ።

ሲፈን፦ አቶ ምትኩ ጠብ አይወዱም? እሳቸው?

ትርንጎ፦ ቆይ። አንቺ አቶ ምትኩን የት ታውቂያቸዋለሽ?

ሲፈን፦ አለቃዬ ናቸው።

ትርንጎ፦ የማን አለቃ? የቀረውን ጥርስሽን እንዳላራግፈው።

ሲፈን፦ ጠዋት ጠዋት ያንቺን እሽግ ያወርዱና በዚያችው መኪና ዞረው የኔን ያወርዳሉ። ካላመንሽ የፈነከትሽኝን ጠርሙስ እይው፣ ፖሊሱ መስኮቱ ላይ አስቀምጦታል። ከኋላው አንብቢ። ማንበብ ትችያለሽ አይደል?

ትርንጎ፦ እስከ አራተኛ ተምሬያለሁ። ያንቺ ደም ሸፍኖት ነው... ‘አምራች፣ ወንዝራድ የምግብና መጠጥ ድርጅት’። ፊደሉ ቅማል ያክላል እኮ።

ሲፈን፦ የኔ ላይ ግን ከፊት ለፊት፣ በወርቅ ቀለም ነው። ውሃው የአንድ ጉድጓድ ነው። ያንቺ ለጭነት ሾፌር፣ የኔ ለቅንጡ ተሳፋሪ።

ትርንጎ፦ ታዲያ እኛ ላይ ስማቸውን ምን አስደበቃቸው?

ሲፈን፦ ተሳፋሪው ሁለቱም አንድ መሆናቸውን ካወቀ እጥፍ ከፍሎ የኔን ለምን ይገዛል? ‘ሎሚት የአውቶቡሱን ደረጃ ከረገጠች ጎትተሽ አውርጃት’ ያሉኝ ለዚህ ነው።

ትርንጎ፦ በጸጉሯ ብለው ነው?

ሲፈን፦ በምኗ እንደሆነ አልነገሩኝም። ያገኘሁትን ያዝኩ።

ትርንጎ፦ እና እኔ ለነሱ ብዬ ስፈነክትሽ፣ አንቺ ለነሱ ብለሽ ነከስሽኝ።

ሲፈን፦ ንክሻው እንኳን ለራሴ ነው።

ትርንጎ፦ የአቶ ምትኩን መኪና መስታወት ለምን አናረግፈውም? አንቺ በግራ፣ እኔ በቀኝ። እኔን እንዳደረግሽኝ ጎማውን ንከሺው።

ሲፈን፦ ከዚያ ማን ይፈርምልኛል? እኔ እንኳን የታዘዝኩትን ነው ያደረግኩት።

ትርንጎ፦ ቆይ ግን፣ ድርጅቱ አንድ ከሆነማ ለሁለታችንም ይፈርማሉ። እኔም የወንዝራድ ልጅ ነኝ ማለት ነው።

ሲፈን፦ መኪናዋ ቆመች። እሳቸው ናቸው።

ትርንጎ፦ አየሽ? አዲስ የሎሚት ሸሚዝ ይዘዋል። የለበስኩት በደም መበላሸቱን ሰምተው ነው። ላንቺማ ምንም አላመጡልሽም። ይኸው፣ መጀመሪያ ለማን እንደሚፈርሙ አሁን ታያለሽ።

ሲፈን፦ ከኋላቸው የምትከተለዋን ቀጭን ልጅ እያት። ሸሚዙ የሷ ነው። አንቺ የለበስሽውን አውልቂና መልሺላቸው።