በቁጥር ሦስት ጋዙን የጨመርኩት እኔ ነኝ

እሺ፣ አንዴ ጸጥታ! ጋሼ፣ የጡረታ ሽኝቱ የእርስዎ ነው፣ ይቀመጡ እንጂ፤ በሩን እኛ እንዘጋዋለን።

የመጡ ቀን ሥራ አስኪያጃችን በቲማቲሞቹ መሃል የተዘረጋውን ቱቦ እያሳዩዎት፣ «በዚህ ካርቦን ዳይኦክሳይድ እንለቅላቸዋለን፤ ቶሎ ያድጋሉ» አሉ። እርስዎ ምን አሉ? «እኛ የምንተነፍሰውን? ታዲያ ወሬኛ ሠራተኛ ቢቀጥሩ አይቀልዎትም?» ይኸው እኔን ቀጠሩ!

ከዚያ ወዲህ ማናችንም ወደ ቲማቲሞቹ ግሪንሃውስ በሰላም ገብተን አናውቅም። አንድ እግራችንን ሳናስገባ «በሩን! ምግባቸው እየወጣ ነው!» ይሉናል። የመጸዳጃ ቤቱን በር እንኳ እንዲህ እየጮኹ አዘግተውናል። የማዳበሪያውን ውሃ በጣትዎ ነክተው ሲቀምሱ ደግሞ የላብራቶሪዋ እህታችን ራሷን ትይዛለች። «ጨው በዝቷል» ይላሉ፤ መለኪያው ያንኑ ይደግማል። አበሳጭተውናል እኮ!

አሁን ግን የምር ላውራ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ግሪንሃውስ ቁጥር ሦስት ያለው ቲማቲም ተመዘዘ፣ ተመዘዘና የታች ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። ሁሉም «በሽታ ነው፣ ይነቀል» አለ። ጋሼ አንድ ቅጠል አገላብጠው «ርሃብ ነው» አሉ። «በቱቦው ጋዝ ሲጨመርለት በፍጥነት ያድጋል፤ በፍጥነት ሲያድግ ብዙ ይበላል። ማዳበሪያው ግን እንደድሮው ነው።»

ጋዙን ማንንም ሳላማክር የጨመርኩት እኔ ነበርኩ። የሙከራ ጊዜዬ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል፤ እናቴ ደግሞ ከኔ ሌላ ሰው አልነበራትም። ዓይኔን ወደ ቱቦው መለስኩ። ጋሼ አዩኝና ወደ ሥራ አስኪያጁ ዞረው፣ «ማዳበሪያ የምቀላቅለው እኔ ነኝ፤ ጥፋቱም የኔ ነው» አሉ።

ማዳበሪያው ተስተካከለ፤ በሁለት ሳምንት አዲሱ ቅጠል አረንጓዴ ሆኖ ወጣ። የዚያን ዓመት ለእርስዎ የታሰበው የግሪንሃውሱ ኃላፊነት ግን በዚህ ጥፋት ሰበብ ለሌላ ተሰጠ። እርስዎ በማግስቱ ከማዳበሪያው በርሜል አጠገብ አቁመውኝ፣ «ጋዝ ልትጨምሪ ስትይ መጀመሪያ ለኔ ንገሪኝ፣ እሺ ልጄ?» አሉኝ።

አይ ጋሼ፣ ራስዎን አይነቅንቁብኝ፤ ዛሬ አልታዘዝዎትም! ሥራ አስኪያጃችን፣ እርስዎም ይስሙኝ፤ ጥፋቱ የኔ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህን ሳልናገር በመቅረቴ አፍራለሁ። ጋሼ፣ ይቅር ይበሉኝ። እንጀራዬን ያተረፉልኝ እርስዎ ነዎት፤ ሥራውንም ያስተማሩኝ እርስዎ ነዎት።

በሉ ሁላችሁም ተነሡ፣ ብርጭቋችሁን ያዙ። ጋሼ፣ ጤናና ዕድሜ ይስጥልን፤ ከልጅ ልጆችዎ ጋር ደስ ብሎዎት ይኑሩ። ሹመቱ ዘግይቷል፣ ግን በሁላችሁም ፊት ልጥራቸው፦ ለግሪንሃውሱ ኃላፊያችን!