የቅዳሜው ዕቃ

ገርጂ፣ ከምሳ በኋላ፤ በሞተር ዕቃ የሚያደርሰው ዘርጋው፣ ልጁ ረድኤት በአስም ታፍና ሆስፒታል በገባች በሦስተኛው ቀን፣ የእትዬ ሽታዬ ሱቅ መስኮት ላይ ቆሟል።

ዘርጋው፦ ሳይነግሩኝ ከዚህ መስኮት ንቅንቅ አልልም! ለልጄ ያንን ቬፕ የሚሉትን የኤሌክትሪክ ሲጋራ ሸጠዋል ወይስ አልሸጡም?

ሽታዬ፦ መጀመሪያ ሄልሜትህን አውልቅ። በርሜል ውስጥ ገብተህ የምትጮህ ነው የሚመስለው።

ዘርጋው፦ አይቀልዱብኝ እትዬ! ኦክስጅን አፍንጫዋ ላይ ተሰክቶ «አባዬ፣ አትቆጣኝ» ትለኛለች። ሐኪሙ የሳንባዋን ፎቶ አሳየኝና ወደ ሌላ በሽተኛ ዞረ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ሽታዬ፦ እኔን ይድፋኝ! አልዋሽህም፣ አንድ ጊዜ ሸጬላታለሁ። ለእንግዳ ነው ብላኝ፣ ከማስቲካው ካርቶን ሥር አውጥቼ ሰጠኋት።

ዘርጋው፦ አዩ? ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል!

ሽታዬ፦ አስጨርሰኝ እንጂ። በሳምንቱ ስትመለስ ሳሏን ሰማሁ። «አንቺ የዘርጋው ልጅ፣ አስምሽን ረሳሽው?» ብዬ ባዶ እጇን መለስኳት። ታች ላለው ሱቅም ነግሬ አስከለከልኳት። የሰፈር ሱቅ ቢያንስ የማን ልጅ እንደሆንሽ ያውቃል፤ ይቆጣል።

ዘርጋው፦ ለእኔስ ለምን አልነገሩኝም?

ሽታዬ፦ የት አግኝቼህ? አንተ እንደሆንክ ከሞተር ላይ አትወርድ።

ዘርጋው፦ ታዲያ ከየት አመጣችው? ከሰማይ ወረደላት?

ሽታዬ፦ ከስልኳ ነዋ! ኦንላይን ዋጋው ከእኔ በግማሽ ይረክሳል፤ ዕድሜሽስ፣ ጤናሽስ የሚል የለ። ማዘዝ ብቻ ነው፣ በር ድረስ ያመጡታል።

ዘርጋው፦ ያን የሚያመጣውን ሰውዬ ባገኘው በእነዚህ እጆቼ ነው የማንቀው! የሰው ልጅ እየገደለ እንጀራ ይበላል?

ሽታዬ፦ እሱ ምን ያውቃል ብለህ ነው? በሻይ ቅጠል ካርቶን፣ በአረንጓዴ ፕላስተር ታሽጎ ነው የሚመጣው። ራሷ አሳይታኝ ስቃብኛለች፣ «እናንተ ብትከለክሉኝስ?» ብላ።

ዘርጋው፦ አረንጓዴ?

ሽታዬ፦ አረንጓዴ። በስሟም አታዝም፤ በምትሠራበት ጸጉር ቤት ባለቤት፣ በቲጂ ስም ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ። ምነው? ፊትህ አመድ መሰለብኝ!

ዘርጋው፦ የጸጉር ቅባት ነው ብለው ነበር ላኪዎቹ የሚሰጡን። እኛ ደግሞ የሰው ዕቃ አንከፍትም፤ ምንድነው ብሎ መጠየቅም ነውር ነው።

ሽታዬ፦ አንተ ዘርጋው! እንዳትለኝ!

ዘርጋው፦ «አባዬ፣ ቀስ ብለህ ንዳ» ብላ እስከ ጸጉር ቤቱ በር ትሸኘኝ ነበር።

ሽታዬ፦ የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል… ና፣ ግባና ተቀመጥ።

ዘርጋው፦ ያንን ዕቃ ሌላ ሞተረኛ ሲያነሳው ተጣልቼ እቀማው ነበር፣ እትዬ። እግረ መንገዴን ልጄን አያታለሁ ብዬ።